እስኪፈረም የእናንተ ነው

መስታወት ቆራጩ ከሞተ ከዓመት በኋላ ልጆቹ ቤቱን ለመሸጥ ተስማሙ። ልጆቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ታላቅየዋ የትምህርት ቤት መምህርት ናት። ትዳር አልያዘችም፤ እዚያው ቤት ከአባቷ ጋር ኖራ፣ አስታምማ፣ ቀብራዋለች። ታናሽየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ልጅ ሳለ ጉንጩ ከዓይኑ ቀድሞ የሚታይ ወፍራም ስለነበር «ድንቡሼ» ይሉት ነበር። ዛሬ ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ ቁመናውም እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ፣ እህቱ አሁንም ሌላ ስም አታውቅለትም። እሱም «እትዬ» ከማለት በቀር በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

ቤቱ ጠባብ መንገድ ጥግ ላይ የቆመ ባለ አንድ ደርብ ነው። ከፊት አባትየው የሚሠራበት ክፍል፣ ከኋላ ኩሽናና ሳሎን፣ ከላይ ደግሞ በእንጨት ደረጃ የሚደረስባቸው ሁለት መኝታ ቤቶች አሉት። ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ የሚለየው በመስኮቶቹ ነበር። መስታወት ቆራጩ ደህና ደህናውን ለደንበኛ ቆርጦ ይሰጥና ለራሱ መስኮት ትርፍራፊውን ይገጥም ነበር። አንዱ ቁራጭ ንጹህ፣ አንዱ ሸካራ፣ አንዱ ሞገድ ሞገድ ያለው፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የደረጃው ደግሞ ቢጫ። እናትየዋ በሕይወት ሳለች «ይኼ መስኮት ነው ወይስ የለማኝ ካፖርት?» እያለች ትስቅበት ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትዞር ግን ደረጃው ላይ የሚወርደውን ቀለም ለማየት እሷው ራሷ ሥራዋን ትታ ትቀመጥ ነበር።

ገዢዎቹ ፀጉር አስተካካይና ሚስቱ ናቸው። ሰውየው ወሬ የሚወድ፣ እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ የሚሠራ ዓይነት ነው። የአባትየውን የሥራ ክፍል ገና እንዳየው፣ «እዚህ ጋ ሁለት ወንበር፣ እዚህ ጋ የእጅ መታጠቢያ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ደግሞ እዚያ» እያለ በባዶው ክፍል ውስጥ ሰዎችን ማስቀመጥ ጀመረ። ሚስቱ እጅጌውን ጎተት አድርጋ «መጀመሪያ ግዛው እንጂ» አለችው። መምህርቷ ያን ጊዜ ሳቀች። ለእነሱ ልትሸጥ የወሰነችውም በዚያችው ሰዓት ይመስላል።

ያገናኛቸው ደላላ ባመጣው ወረቀት ላይ ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛ ከበው ፈረሙ። ወረቀቱ ማን ለማን እንደሚሸጥ፣ በስንትና መቼ በውል አዋዋይ ፊት እንደሚቀርቡ ይላል። መምህርቷ «ሁሉም እዚያ ሲያልቅ ይሁን» ብላ ቀብድ አልተቀበለችም። ፀጉር አስተካካዩ ተነስቶ የሁለቱንም እጅ ጨበጠ። ድንቡሼ ከሰውየው እጅ እጁን ሲያላቅቅ አንዳች ነገር ከውስጡ ተጎትቶ የወጣ መሰለው። በቃ፣ አለቀ፣ አለ በልቡ። የአባቴ ቤት የሰው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ዕቃ ለማውጣት ከሥራው ፈቃድ ወሰደ። የወራሽነት ማስረጃውንና የመታወቂያውን ቅጂ ለውል አዋዋይዋ ማድረስም የሱ ድርሻ ሆነ። ጽሕፈት ቤቷ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሴትየዋ ረጋ ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት። ወረቀቶቹን ተቀብላ ስታገላብጥ ድንቡሼ ለመሄድ ተነሳና ቆመ።

«ይቅርታ፣ እንደው ለማወቅ ያህል ነው» አላት። «ኩሽና ውስጥ የፈረምነው ወረቀት… ያ እኮ ውል ነው፤ አይደለም?»

«ሐሳባችሁን ያሳያል» አለች መነጽሯን አውልቃ። «ግን ቤት እንደ በግ በእጅ ተጨባብጦ አይሸጥም። ቤትና መሬት የሚሸጥበት ውል እዚህ ቀርቦ ካልተፈረመ እናንተንም አያስገድድም፣ እነሱንም አያስገድድም።»

«እስከ መቼ ድረስ?»

«ሁላችሁም እዚህ ተቀምጣችሁ፣ እኔ ከላይ እስከ ታች አንብቤላችሁ፣ ያልገባችሁን ጠይቃችሁ፣ ሁላችሁም ፈርማችሁ፣ በመጨረሻ እኔ እስክፈርም ድረስ። እስኪፈረም የእናንተ ነው።»

«ከተፈረመ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ መጸጸት ይቻላል» አለች ፈገግ ብላ። «መመለስ ግን የለም።»

ድንቡሼ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው ቢያገኘው ኖሮ ምን አግኝተህ ነው ይለው ነበር። የሞተበት ሰው አልሞተም የተባለ ያህል ነበር የቀለለው። ለእህቱ ግን አልነገራትም። ነገሩን እንደተሰረቀ ዕቃ ጉያው ውስጥ ሸጉጦ ገባ።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ማውጣቱ ለሱ የልጅነት ጨዋታ ሆነለት። አንድ መሳቢያ በሳበ ቁጥር አንድ ወሬ አብሮ ይወጣል። ትራሱን ጉልበታቸው ሥር አድርገው ደረጃውን የተንሸራተቱት፣ እናታቸው ከታች ሆና መጥረጊያ ይዛ የጠበቀቻቸው። ጎርፍ ሰፈሩን ያጥለቀለቀ ጊዜ አራቱም ላይኛው ክፍል ወጥተው ውለው አባታቸው «አሁን መርከብ ላይ ነን፤ ካፒቴኑ እኔ ነኝ፤ ዳቦውን የሚያካፍለውም እኔ ነኝ» ያለው። አባታቸው መስታወት ሲቆርጥ ሁሉም ትንፋሹን ዋጥ የሚያደርገው። መቁረጫው መስታወቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ቀጭን ፉጨት፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ቀጭ! ያን ጊዜ እናታቸው ከኩሽና «እሰይ!» ትል ነበር፤ ካልተሳካ ደግሞ ማንም ምንም አይልም።

«ታስታውሻለሽ እትዬ?» ይላታል በየመሃሉ።

«አስታውሳለሁ» ትላለች እሷ፣ ጋዜጣ ውስጥ ብርጭቆ እየጠቀለለች።

የሚሸጠውን አንድ ወገን፣ የሚቀረውን አንድ ወገን ብለው ከፍለው ነበር። እሷ ወደሚሸጠው ያስቀመጠችውን እሱ ዞር ስትል ወደሚቀረው ይመልሰዋል። አንዴ የአባታቸውን መስታወት መቁረጫ ኪሱ ሲከት ያዘችው።

«ያባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ነው» አላት።

ከልቧ ሳቀች። ከመጣ ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበርና ድንቡሼ ልቡ ሞላ። ቤቱ ነው ያሳቃት ብሎ አሰበ። እሷም እንደኔው ናት፤ ሁለታችንም አንፈልግም፤ አንዳችን አፍ አውጥተን እስክንናገር ነው እንጂ።

ፀጉር አስተካካዩ ሜትሩን ይዞ የመጣው በማግስቱ ነው። የመስኮቱንና የበሩን ስፋት እየለካ ወሬውን ያስነካው ጀመር። ድንቡሼ እጁን አጣምሮ በር ላይ ቆመ።

«ጣራው ያፈሳል» አለው ድንገት።

«ኧረ?»

«ያውም እንደ ወንፊት። ያ ግድግዳ ደግሞ በክረምት ውሃ ይስባል። ደረጃው ይንቋቋል፤ ሰው አያስተኛም። ቧንቧውማ ባይነሳ ይሻላል።»

ፀጉር አስተካካዩ ሜትሩን ጠቅልሎ አየው። «ወንድሜ፣ እኔ ያደግሁት የሚያፈስ ቤት ውስጥ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር እናቴ ድስቱን ሁሉ መሬት ላይ ትደረድር ነበር። የጠብታውን ድምፅ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለና ሳቀ። ድንቡሼ አልሳቀም። ሰውየው ነገሩ ስላልገባው ሳይሆን ስለገባው ይመስላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተሰናብቶ ሄደ።

መምህርቷ ከኩሽና ሁሉንም ሰምታለች። እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች።

«ጣራው መቼ ነው ያፈሰሰው? አምና አይደል እንዴ ያሳደስኩት? ሰውየውን ለምን ታስደነግጠዋለህ?»

ጉያው ውስጥ የሸጎጠውን ያን ጊዜ አወጣው። «እትዬ፣ አያስገድደንም እኮ! ሴትየዋን ጠይቄያታለሁ። ያ ወረቀት ምንም አይደለም። እዚያ ቀርበን እስክንፈርም ቤቱ የኛ ነው። ዛሬ ደውለን ትተነዋል ብንል ማንም ምንም አይለንም!»

እህቱ ደስ ይላታል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ፎጣውን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችና «እንደማያስገድደን አውቃለሁ» አለች። «አንተ ስትጠይቅ እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁ መሰለህ? እያወቅሁ ነው የፈረምኩት። ለሰው ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ቃልማ ቃል ነው፤ ግን የአባታችን ቤት…»

«ና ከኔ ጋር» አለችው።

ደረጃውን ተከታትለው ወጡ። የአባታቸው ክፍል ባዶ ነው፤ አልጋው ከወጣ ሰንብቷል፤ ወለሉ ላይ የአራቱ እግሮች ምልክት ብቻ ቀርቷል። መምህርቷ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«አንተ ያንን ደረጃ ስታይ ቀለም ነው የምታየው» አለችው። «እኔ ባልዲ ይዤ የወጣሁበትን፣ አንሶላ ታቅፌ የወረድኩበትን ነው የማየው። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ጆሮዬ እዚህ ነበር። ከጓደኞቼ ጋር አምሽቼ አላውቅም። ዛሬም ኩሽና ሆኜ የጠራኝ ይመስለኝና ‹መጣሁ አባባ› ብዬ ደረጃው መሃል ስደርስ ነው ትዝ የሚለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ? አንተ ስትመጣ እንግዳ ነበርክ። ትመጣለህ ሲባል ይላጫል፣ ንጹህ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ትራስ ተደግፎ ያጫውትሃል። አንተ ‹አባባ እኮ ደህና ነው› ብለህ ትሄዳለህ። መኪናህ መንገዱን ሳይጨርስ እሱ ይወድቃል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርኩት።» ወለሉ ላይ የቀረውን የአልጋውን ምልክት አየች። «ናፍቆት የሄደ ሰው ዕድል ነው ድንቡሼ። እዚሁ የቀረ ሰው ምኑን ይናፍቃል?»

በመንገዱ ሁሉ፣ መኪና ውስጥ ለብቻው ባደረባቸው ከተሞች ሁሉ፣ ይህን ቤት ሲያስብ እህቱ ሁልጊዜ ከቤቱ ጋር አብራ ነበረች፤ እንደ በሩ፣ እንደ ደረጃው። እዚያ ቆማ ምን እንደሚሰማት አስቦ አያውቅም።

«እሺ» አላት በመጨረሻ። «እፈርማለሁ።»

በቀጠሮው ቀን አራቱም በውል አዋዋይዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ ኮት ለብሷል፤ የራሱንም ፀጉር ሌላ ሰው ዘንድ ሄዶ መቆረጡ ያስታውቃል። ሴትየዋ መነጽሯን አደረገችና ማንበብ ጀመረች። የሻጮችን ማንነት፣ የገዢዎችን ማንነት፣ ቤቱ በሰሜን በኩል መንገድ፣ በምሥራቅ የጎረቤት አጥር የሚያዋስነው መሆኑን፣ ከታች ሦስት ክፍል፣ ከላይ ሁለት ክፍል፣ ከእንጨት ደረጃው ጋር፣ በሮቹ ከነቁልፋቸው፣ መስኮቶቹ ከነመስታወታቸው…

አንብባ ስትጨርስ «ያልገባችሁ አለ?» ብላ ጠየቀች። ብዕሩን መጀመሪያ ለድንቡሼ ሰጠችው። ፈረመና ለእህቱ አቀበላት።

መምህርቷ ብዕሩን ያዘች፤ ጫፉንም ወረቀቱ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ ግን እጇ አልሄደም። በየዓመቱ የስንቱን ተማሪ ወረቀት ሳትጨነቅ የምታርም እጅ እዚያው ደርቆ ቀረ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት የባሏን ጉልበት ከጠረጴዛው ሥር ያዘች።

«አይቸኩሉ» አለች ውል አዋዋይዋ። «ማንም አያጣድፍዎትም።»

«ይቅርታ» ብላ መምህርቷ ብዕሩን አስቀምጣ ወጣች። ድንቡሼ ተከተላት። ከፎቁ መውረጃ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ከነመስታወታቸው አለች» አለችው። «ሰምተሃታል? ከነመስታወታቸው።»

አጠገቧ ተቀመጠ።

«የጠላሁት መስሎኝ ነበር» ቀጠለች። «መራመድ ያቃተው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ ይለኝ ነበር። የክፍሉንና በበሩ በኩል የሚታየውን የደረጃውን መስኮት እያየ ‹ያቺ የፋርማሲው ትርፍ ናት፣ ያቺ የሲኒማ ቤቱ ትኬት መሸጫ፣ ያቺ ቢጫዋ እናትሽን ያየሁ ዕለት የሠራሁላቸው ሰዎች ናት› እያለ ይቆጥርልኛል። በየቀኑ ያንኑ ነው። እኔም በየቀኑ እንደ አዲስ እሰማው ነበር። አንዳንድ ቀን እኮ በጣም እንስቅ ነበር። ክፉ ክፉውን ብቻ ይዤ ልወጣ ነበር ያሰብኩት፤ እንዲያ ይቀላል ብዬ።» እንባዋን በመዳፏ ጠራረገች። «እንተወው እንዴ ድንቡሼ? ገና አልፈረምኩም። የኛ ነው እስካሁን።»

ሲመኘው የነበረው ቃል እጁ ላይ ወደቀለት። አዎ ቢላት ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ከፍቶ ይገባል፤ ጋዜጣ ውስጥ የተጠቀለለው ብርጭቆ ይፈታል፤ ትራሱ፣ ደረጃው፣ መስኮቱ በየቦታው ይሆናል። አፉን ሊከፍት ሲል ግን ከዚያ በኋላ ያለው ታየው። እሱ ሰኞ መንገድ ላይ ነው። ቤቱን የምትጠርገው፣ ጣራውን የምታሳድሰው፣ ድምፅ የሰማች መስሏት ደረጃው መሃል የምትቆመው እሷ ናት። እሱ በዓመት ጥቂት ቀን ይመጣና «ቤታችን እኮ እንዳለ ነው» ብሎ ይሄዳል።

«አንተወውም» አላት። ድምፁ እንደፈራው አልተሰበረም። «አባባን አስታምመሽ ቀበርሽ። አሁን ደግሞ ቤቱን እያስታመምሽ አትኖሪም። ግቢና ፈርሚ።»

«አንተ ነህ ይህን የምትለኝ? ጣራው ያፈሳል ያልከው ሰውዬ?»

«እኔ ነኛ።»

እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

ሲመለሱ ፀጉር አስተካካዩ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ ለወትሮው የማይዘጋው አፉ ተዘግቷል። ኮቱን አስተካክሎ፣ «መምህርት፣ ልብዎ ካልፈቀደ ግድ የለም» አላት። «እኛም ገና አልፈረምንም። ሰው እያለቀሰ በሸጠው ቤት…» ሚስቱ ጎኑን ቆነጠጠችው፤ የጀመረውን ሳይጨርስ ዋጠው።

«ፈቅዷል» አለች መምህርቷ። «ብዕሩን ስጡኝ።»

ፈረመች። ገዢዎቹ ፈረሙ። በመጨረሻ ውል አዋዋይዋ ፈርማ ማኅተሟን መታችና «እንግዲህ ከአሁን ጀምሮ ውሉ ሁላችሁንም አሥሯችኋል» አለች። ድንቡሼ የሆነ ነገር ሲለወጥ የሚያይ መስሎት ዙሪያውን ቃኘ። ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው፤ ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። እህቱ ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን እጁን ያዘችው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ያን ያደረገችው በልጅነታቸው መንገድ ስታሻግረው ነበር።

በዓመቱ፣ ጭነት አራግፎ ሲመለስ፣ ድንቡሼ በዚያ ጠባብ መንገድ በእግሩ አለፈ። የፊተኛው መስኮት ተነስቶ በምትኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ንጹህ መስታወት ገብቷል። የላይኞቹ ክፍሎች መስኮቶችም ተቀይረዋል። ሚስትየዋ ብርሃን ትወዳለች አሉ። ሆድ ባሰው፤ ቤቷ ነው፣ መብቷ ነው እያለ ራሱን ለማጽናናት ቢሞክርም መንገዱ መሃል እንደ ተተከለ ቆመ። በዚያ ትልቅ መስታወት ውስጥ ፀጉር አስተካካዩ አየውና መቀሱን እንደያዘ እየጠቀሰ ጠራው።

አባቱ መስታወት ይቆርጥበት በነበረው ቦታ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታሰረ። ሰውየው ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ኳሱ ያወራል፤ ወረፋ የሚጠብቁት ይስቃሉ። ድንቡሼ ዓይኑን ጨፈነ። ከአንገቱ በላይ የሚንቀጫቀጨውን መቀስ እየሰማ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ትንፋሹን ሳይዝ ተቀመጠ። ሲነሳ ሰውየው ዋጋ አልቀበልም አለው፤ ተከራክሮ ከፈለ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እህቱ ሄደ። ከትምህርት ቤቱ ብዙም የማይርቅ ሕንፃ ላይ ትንሽ ቤት ተከራይታለች። ሳይደውል መሄድ ልማዱ ነው፤ መቼም ቢሆን ሄዶ አጥቷት አያውቅምና። አንኳኳ። ዝም። ደግሞ አንኳኳ። ከጎን በር አንዲት ሴት ብቅ አለች።

«መምህርትን ነው? ወጥታለች። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ፊልም ሊያዩ ነው የሄዱት። ታመሻለች።»

«ታመሻለች?» አለ ድንቡሼ።

«ብዙ ጊዜ ታመሻለች» አለች ሴትየዋ፣ እንደ ጥፋት እንዳይቆጥርባት የፈራች ይመስል።

ሌላ ቀን ቢሆን ተናዶ በሄደ ነበር። ድንቡሼ ግን አመሰገናትና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እግሩን ዘርግቶ። የሚወጣ የሚወርደው ሰው እያለፈው «ምን ልርዳህ?» ይለዋል፤ እሱም «እህቴን እየጠበቅሁ ነው፤ ፊልም ልታይ ወጥታ» ብሎ ለሁሉም ይመልሳል፤ ማንም ያልጠየቀውን ጭምር ይጨምራል። ሲመሽ ከታች የሴቶች ሳቅና የጫማ ኮቴ ተሰማ። የአንዷን ሳቅ ለይቶ አወቀው።